ስምንት ተመልካች ለአንድ ልጅ

ሮጀር ባርከርና ኸርበርት ራይት የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ምሁራን የሰውን ጠባይ በቤተ ሙከራ ሳይሆን በሚኖርበት ቦታ ማጥናት ይሻላል ብለው፣ በካንሳስ አንዲት ትንሽ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1949 አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሲነቃ ጀምሮ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ያደረገውን ሁሉ በስምንት ተመልካቾች ተራ በተራ አስመዘገቡ፤ መዝገቡም በ1951 ከ400 ገጽ በላይ ያለው መጽሐፍ ሆኖ ታተመ።

ይህን ሳነብ የገረመኝ የተመልካቾቹ ብዛት ነው። በእኛ ሰፈር ይህን ሥራ ከፊት ለፊቴ የሚኖሩት እትዬ፣ ያለ ተረኛና ያለ አበል፣ በዚያ ላይ ሽሮ እያማሰሉ፣ ብቻቸውን ይወጡታል።

ምሁራኑ ከዳር ሆኖ ማየትንና ከሚጠኑት ሰዎች ጋር እየኖሩ ማየትን ይለያሉ። እትዬ ከመጋረጃ ጀርባ ሲሆኑ በመጀመሪያው፣ «ና ቡና ጠጣ» ሲሉኝ በሁለተኛው ይጠቀማሉ። የሥነ ልቦና ምሁሯ ሜሪ ኤይንስወርዝ በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ ሕፃናት ከእናቶቻቸው ሲለያዩና ሲገናኙ የሚያሳዩትን ሁኔታ ያጠኑት በአንድ ወገን ብቻ በሚያሳይ መስታወት በኩል ነበር። የእትዬ ስስ መጋረጃም ቀን ቀን ይህንኑ አገልግሎት ይሰጣል፤ ሲመሽ ግን ነገሩ ስለሚገለበጥ መብራታቸውን ያጠፋሉ፤ እኔም መብራት በፈረቃ መሄድ የጀመረ መስሎኝ ሻማ ፍለጋ እነሳለሁ።

ሰው መታየቱን ሲያውቅ ጠባዩን ይለውጣል የሚለው ሐሳብ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. ከ1924 ጀምሮ ጥናት ከተካሄደበት፣ በቺካጎ አጠገብ ከነበረው የሆውቶርን ፋብሪካ ነው። ኋላ መረጃውን እንደገና የመረመሩ ሰዎች ውጤቱ የተወራለትን ያህል ጎልቶ አልታየንም ብለዋል፤ እኔን ቢጠይቁኝ ኖሮ ይህን ባልጻፉ። እሑድ ጠዋት እትዬ መስኮት ላይ መሆናቸውን ስለማውቅ ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አቅጣጫ እወጣና፣ መታጠፊያውን ካለፍሁ በኋላ ነጠላውን አጣጥፌ በብብቴ ይዤ ማኪያቶዬን አዝዛለሁ።

ሳይንሱ አንድ ዓይን ብቻውን አያምንም። ሁለት ተመልካቾች ለየብቻ ይመዘግባሉ፤ ያዩትን እንጂ የገመቱትን አይጽፉም፤ ከዚያም በስንቱ እንደተስማሙ ይሰላል። የሥነ ልቦና ምሁሩ ጃኮብ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1960 ያወጡት ካፓ የተባለው መለኪያ በአጋጣሚ የሚገኘውን መስማማት እንኳ ቀንሶ ያስቀረዋል። ቡና ላይ ግን ለየብቻ የሚባል ነገር የለም። ባለፈው ወር የልብስ ቦርሳዬን ይዤ ለሦስት ቀን ሐዋሳ ሄጄ ነበር። እንደሰማሁት ከሆነ፣ አቦሉ ላይ «ቦርሳ ይዞ ወጣ» ተባለ፤ ቶናው ላይ ቦርሳው ሻንጣ ሆነ፤ በረካው ላይ እኔ ካናዳ ገብቻለሁ። ሦስቱም ጎረቤቶች ያለ አንድ ልዩነት ተስማምተዋል፤ ኮኸን ቢኖሩ ካፓው አንድ ሙሉ ነው ይሉ ነበር።

ተመልሼ በገባሁ በማግስቱ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። በፒጃማ እንደሆንሁ ስከፍት፣ የቤት አከራዬ ከአንድ ደላላና ቤቱን ሊያዩ ከመጡ ባልና ሚስት ጋር ቆመዋል። ሁላችንም ዝም ብለን ስንተያይ፣ ከወዲያ ማዶ መጋረጃው ገለጥ አለና የእትዬ ድምፅ ተሰማ፦

«ውይ ልጄን! መለሱት እኮ!»