ሊብሬው የእኔ፣ ቁልፉ የማን?

ባለፈው ሳምንት የአንድ መኪና አስመጪ ድርጅት የጥገና ኃላፊ በሬዲዮ ቀርበው፣ ቁልፍ የጠፋበት ባለመኪና የቁልፉን ኮድ ስጡኝ ማለቱ አግባብ እንዳልሆነ ሲያስረዱ ሰማሁ። ኮዱ ከድርጅቱ እጅ ከወጣ ሌባ ያገኘዋል አሉ፤ የሚከለክሉን ለራሳችን ደኅንነት ነው ማለት ነው። ይህን የሰማሁት ታክሲ ውስጥ ተጣብቄ ተቀምጬ ነው። መኪናዬ ቁልፏ ከጠፋ ሁለተኛ ወሯን ይዛለች።

ቁልፉን የጣልኩት እኔ ነኝ፤ አልክድም። መለዋወጫ ሳልይዝ መቆየቴም ስንፍና ነው ይባል፣ ምንም እንኳ መኪናዋን ስገዛ የተሰጠኝ አንድ ቁልፍ ብቻ ቢሆንም። ከዚህ ያለፈ ጥፋት ግን አልቀበልም።

ድሮ ቁልፍ የጠፋበት ሰው ፒያሳ ወይም መርካቶ ወርዶ ቁልፍ ቀራጭ ፊት ይቆም ነበር፤ ቡናውን ጠጥቶ ሳይጨርስ አዲሱ ቁልፍ ይደርስለታል። ዛሬም ቀራጩ የብረቱን ጥርስ አሳምሮ ይቀርጻል፣ በሩም ይከፈታል። ሞተሩ ግን አይነሳም። በቁልፉ እጀታ ውስጥ ትንሽ ቺፕ አለች። ባትሪ የላትም፤ የቁልፍ ማስገቢያውን የከበበው ጥቅል ሽቦ በሞገድ ኃይል ሲሰጣት ምስጢሯን ትመልሳለች። የመኪናው ኮምፒውተር ካላወቃት ነዳጅም እሳትም ይከለክላል። አውሮፓ እ.ኤ.አ. በ1998 በአዳዲስ የቤት መኪኖች ላይ ግዴታ ያደረገችው ይህንን ዓይነቱን መቆለፊያ ነው። ፈጠራው ጥሩ ነው፤ ከቺፗ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ አዲስ ቺፕን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያስተዋውቀውን ኮድ የራሳቸው ርስት ካደረጉት ሰዎች ጋር ነው። ሊብሬው በስሜ ነው፣ ታርጋው በስሜ ነው፣ ቅጣቱም የሚመጣው በስሜ ነው፤ ኮዱ ብቻ የእነርሱ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

አሁን ወደዚያ ደኅንነት ወደሚሉት ነገር እንምጣ። ምስጢር መደበቅ ሌባን ቢያስቆም ኖሮ ቮልስዋገንን የሚያህል ኩባንያ በተሳካለት ነበር። የእንግሊዝና የኔዘርላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በብዙ ታዋቂ መኪኖች ቁልፍ ውስጥ ያለው የሜጋሞስ ቺፕ ምስጢር ሊሰበር እንደሚችል ደርሰውበት፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ለቺፑ አምራች አሳወቁ። ቺፑን በመኪኖቹ ላይ ይጠቀም የነበረው ቮልስዋገን በ2013 እንግሊዝ ውስጥ ፍርድ ቤት ሄዶ ጽሑፋቸው እንዳይወጣ አሳገደ። ጽሑፉ የታተመው በ2015 ነው። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ያልተነገረው ማን ነው? ባለመኪናው።

ሌላም አለ። ቁልፉ አጠገባቸው ካለ ማስገባት ሳያስፈልግ በሚነሱት መኪኖች ላይ ሌቦች ሁለት ሆነው ይመጣሉ። አንዱ አንቴና ይዞ ቤቱ በር ላይ ይቆማል፣ ሌላው መኪናው አጠገብ። ሳሎን ውስጥ የተቀመጠው ቁልፍ የሚልከውን ሞገድ ተቀባብለው በሩንም ሞተሩንም ያስነሳሉ። ይህም ያልበቃቸው የፊት መብራቱን አላቅቀው በሽቦው በኩል ለመኪናው የሐሰት ትእዛዝ ይልካሉ። ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2022 ራቭ ፎሩን በዚህ መንገድ የተሰረቀው ሰው ራሱ የመኪና ኮምፒውተር ደኅንነት ባለሙያ ነበር! ከእነዚህ ሌቦች አንዱም አስመጪ ቢሮ ሄዶ ማመልከቻ አላስገባም፣ ኮድ ስጡኝ ብሎ ወረፋ አልያዘም። ወረፋ የያዝኩት እኔ ነኝ፣ መታወቂያዬንና ሊብሬዬን በፕላስቲክ አድርጌ። በዚህ አሠራር ከባለንብረቱ ይልቅ ሌባው ፈጣን አገልግሎት ያገኛል።

በእርግጥ ኮዱ ለመጣው ሁሉ ይታደል የሚል የለም። ግን የባንክ ደብተሩ የጠፋበት ሰው ገንዘብህ ለደኅንነትህ ሲባል እኛ ዘንድ ይቀመጣል ተብሎ ያውቃል? መታወቂያው ይታያል፣ ፎርም ይሞላል፣ ሌላ ደብተር ይሰጠዋል። የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣችው ሕግ፣ የመኪና አምራቾች ባለንብረቱ ፈቃድ ባለው ቁልፍ ሠሪ በኩል ምትክ ቁልፍ የሚያሠራበትን መረጃ በሳምንት ሰባት ቀን፣ ሃያ አራት ሰዓት እንዲያቀርቡ አዛለች። ቁልፍ ሠሪው ፈቃድ አለው፣ የሠራውን ይመዘግባል፣ ጥፋት ቢኖር ይያዛል። እኛ ዘንድ ይህን ለማድረግ ሳተላይት ማምጠቅ አያስፈልግም።

እኔ እንደሚመስለኝ ነገሩ ገንዘብ ነው። ለእኔ የተነገረኝ መፍትሔ ኮምፒውተሩን ከነቁልፉ መለወጥ ነው፤ ዋጋው የብዙ ወር ደመወዜን ይውጣል፣ ዕቃው ከውጭ እስኪመጣም መጠበቅ አለ። ለአንዲት ቺፕ! ጠፋ የተባለው ቁልፍ የማይነጥፍ ገበያ የሆነላቸው ሰዎች ኮዱን በፈቃዳቸው ይለቁታል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከታገደ ወዲህ ደግሞ ከቻይና በነጋዴ በኩል የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተዋል። የአንዳንዶቹ ቁልፍ ካርድ ነው፣ የአንዳንዶቹ ስልክ ላይ የሚጫን በቻይንኛ የተጻፈ መተግበሪያ። ካርዱ የጠፋበት ሰው ማንን ይጠይቃል? የሸጠለት ነጋዴ ሱቁን ቀይሮ ይሆናል። መኪና የሚሸጥ ሁሉ ሁለት ቁልፍና ኮዱን በታሸገ ፖስታ ከሊብሬው ጋር ያስረክብ የሚል አንድ መስመር መመሪያ ለመጻፍ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ይበቃል።

ትናንት የፓርኪንጉ ጥበቃ ደወሉልኝ፤ የቀኝ ስፖኪዮዬ ሌሊት ተነቅሏል። ዛሬ ጠዋት ሶማሌ ተራ ሄጄ፣ የራሴው ይሁን የሌላ ሰው ባላውቅም፣ በአሥር ደቂቃ ስፖኪዮ አግኝቼ ተመለስኩ። ቁልፉ ግን ገና በመንገድ ላይ ነው ብለውኛል።