አክሲዮኑን ያልገዛነው ባለማወቅ አይደለም

ሰሞኑን ደሴ ላይ በተካሄደ አንድ ውይይት የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን እንደታሰበው ያልተሸጠው ሕዝቡ ግንዛቤ ስለሌለው ነው ሲባል ሰማሁ። ይህ አነጋገር ኑሮውን በንግድ ለመሠረተ ከተማ ስድብ ነው። የደሴ ነጋዴ ገንዘቡን የት ማኖር እንዳለበት ከመድረክ ላይ የሚነግረው ሰው አይፈልግም።

100 ሚሊዮን አክሲዮን በ300 ብር ሒሳብ ቀርቦ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ፣ የተገኘውም 3.2 ቢሊዮን ብር ነው። ዝቅተኛው ግዥ 9,900 ብር ነበር፤ ይህ ለኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የስፌት ሠራተኛ የወራት ደመወዝ ነው። ሽያጩ ጥቅምት 2017 ሲጀመር የብር ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ሦስት ወር እንኳ አልሞላም ነበር። በ2014ቱ ጦርነት ሱቁ ተዘርፎ በብድር የተቋቋመ ነጋዴ፣ የሸቀጥ ዋጋ በየሳምንቱ ሲንር መደርደሪያውን ባዶ ትቶ አክሲዮን ይግዛ ነው የምንለው?

ገንዘብ ያለውም ቢሆን የሚገዛውን ነገር ይመረምራል። ለሕዝብ የቀረበው 10 በመቶው ብቻ ስለሆነ ወሳኙ ያው መንግሥት ነው። በክልላችን ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ኩባንያው ገቢውን፣ ነጋዴውም ገበያውን አጥቷል፤ ውሳኔው ግን የንግድ ውሳኔ አልነበረም። የኩባንያው ዋና ሸቀጥ በፖለቲካ ትእዛዝ ከገበያ የሚነሣ ከሆነ ባለአክሲዮኑ የገዛው ትርፉን የመካፈል ተስፋ እንጂ በትርፉ ላይ የመወሰን ሥልጣን አይደለም። ያንን ጨለማ በዓይኑ ያየ ሰው ሂሳቡን ሠርቶ እጁን ሰበሰበ፤ ይህንን ነው ግንዛቤ ማጣት የሚሉት።

ኩባንያው አትራፊ መሆኑን አልክድም። ይሁንና ድርሻውን ለመሸጥ ግንቦት 2010 የተወሰነው የውጭ ምንዛሪ እጥረት አገሪቱን አንቆ በያዘበት ወቅት ነው፤ በ2013ም ሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት ለቴሌኮም ፈቃድ 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። ጥድፊያው የመጣው ከዶላር ፍላጎት ሆኖ ሳለ፣ የሽያጩ ውጤት ሲያንስ ጥፋቱን በዜጋው ዕውቀት ላይ መጫን ከኃላፊነት መሸሽ ነው።

ቀሪውን አክሲዮን ዳግም ለገበያ ማቅረብ የሚፈልግ አካል የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረኩን ይተወውና፣ አገልግሎት እንዲቋረጥ ማን ማዘዝ እንደሚችል፣ በምን ምክንያትና ለስንት ቀን እንደሆነ፣ ባለአክሲዮኑ ለሚደርስበት ኪሳራም ማን እንደሚክሰው የሚደነግግ ሕግ አስቀድሞ ያምጣ።