ክርክር፦ የአዳሪ መምህር በዓመቱ መሀል ይልቀቅ?

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ፦ «የአዳሪ ትምህርት ቤት መምህር የትምህርት ዓመቱ ሳያልቅ እንዳይለቅ በውል ይታሰር።» ሐሳቡን የሚደግፉት ልጃቸውን በአንድ የግል አዳሪ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ የወላጅ ኮሚቴ አባል ናቸው። የሚቃወመው ከሌላ አዳሪ ትምህርት ቤት ታኅሣሥ ላይ የለቀቀ የፊዚክስ መምህር ነው።

ወላጅ

የልጄን የፊዚክስ ደብተር ላሳያችሁ። 11ኛ ክፍል ነው። መስከረም ላይ በቀይ እስክሪብቶ ታርሟል። ኅዳር ላይ ቀዩ ይጠፋና በእርሳስ «ታይቷል» የሚል ይመጣል። ከጥር ወዲህ ማንም አላየውም። ሦስት መምህር ተፈራርቆበታል፤ ሦስቱም የጀመሩለት ከቬክተር ነው። ቬክተርን ሦስት ጊዜ ተማረ። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን አንዴም አልደረሰበትም።

ተመላላሽ ቢሆን አስጠኚ እቀጥርለት ነበር። አዳሪ ነዋ! ከግቢው ውጪ ሰው የለውም። መምህሩ ለእሱ አባትም ጎረቤትም ነው። እንዲህ ያለ ሰው አንድ ማለዳ ሻንጣውን ባጃጅ ላይ ጭኖ ውልቅ ሲል ዝም ይባላል? ድሮ እኮ መምህር ከአዳሪ የሚወጣው ወይ ጡረታ ሲደርስ ወይ ሲቀበር ነበር። ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ያስተማሩት ካናዳውያን ጀስዊቶች፣ የካቶሊክ ሚሲዮናውያኑ፣ ስንት ዓመት ነው የቆዩት! የዛሬው መምህር ግቢውን መናኸሪያ አድርጎታል። ይፈርም። ሰኔ ሳያልቅ ንቅንቅ የለም።

መምህር

«ሲቀበር» አሉ። እግዜር ይስጥልኝ እናቴ፣ ቢያንስ ምኞትዎን አልደበቁም።

ጀስዊቶቹ በ1930ዎቹ ማብቂያ መጥተው ብዙ ቆይተዋል፤ እውነት ነው። ግን መነኮሳት ነበሩ እኮ! ሚስት የላቸው፣ ልጅ የላቸው፣ የቤት ኪራይ የላቸው። ደግሞ አለቃቸው ሉሲየን ማት ራሱ ትምህርት ቤቱን የመራው አምስት ዓመት ገደማ ነው። በ1943 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት ንጉሡ ወደዚያ አዛወሩት። «ንቅንቅ የለም» ያለ ወላጅ ነበር ያኔ? ከ1955 ጀምሮ የመጡት አሜሪካውያን በጎ ፈቃደኞች፣ የፒስ ኮር መምህራንስ? የአገልግሎት ጊዜያቸው ሁለት ዓመት ነበር። ያስተማሯቸው ሰዎች ሸምግለውም በስም ያነሷቸዋል። ልጅ ይለምዳል።

ሕጉም ግልጽ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011፣ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል ይላል። ሰጥቼ ነው የለቀቅኩት።

ለምን ለቀቅክ ካሉኝ፣ ውሌ የሚለው በሳምንት 25 ክፍለ ጊዜ ነው። የማታ ጥናት እስከ 4 ሰዓት ጠብቅ አይልም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት በርህ ሲንኳኳ ሆዱን የያዘ የ9ኛ ክፍል ልጅ ደግፈህ ጤና ጣቢያ ሂድም አይልም። የክሊኒኩ ቁልፍ ያለው ሰው ከተማ ነው የሚያድረው። እሑድም ተረኛ ነኝ። ባለቤቴና ልጆቼ ሌላ ከተማ ናቸው።

ወላጅ

«ልጅ ይለምዳል።» ይህችን ጽፈው እንቅልፍ ወሰድዎት?

ምኑን ነው የሚለምደው፣ ልጄ? የእኔው ለምዶ የሆነውን ልንገርዎት። አዲስ መምህር ሲመጣ ስሙን አይጠይቅም። «ቲቸር» ብቻ ነው። ለምን ብለው፣ «እስከ ፋሲካ ከቆየ እይዘዋለሁ» አለኝ። መልመድ ይህ ከሆነ ይቅርብን።

ፒስ ኮሮቹ ሁለት ዓመት ብለው መጡ፣ ተማሪውም መቼ እንደሚሄዱ ያውቅ ነበር። እርስዎ መስከረም መጥተው ታኅሣሥ ወጡ። ያን የ30 ቀን ደብዳቤ የሰጡት ለማን ነው? ለርዕሰ መምህሩ። ለልጆቹስ ነግረዋቸዋል?

መምህር

በመጀመሪያ «ልጄ» አይበሉኝ። የሁለት ልጆች አባት ነኝ።

ለልጆቹ እንዳልናገር ተከልክያለሁ። «ፈተና ደርሷል፣ ይረበሻሉ» ተባልኩ። የመጨረሻዋን ክፍለ ጊዜ አስተምሬ «ነገ እንቀጥላለን» ብዬ ወጣሁ። ይህን የምነግርዎ እንዲያዝኑልኝ አይደለም።

ዘበኛው ጡረታ ሲወጣ ቡና ተፈልቶ፣ ጋቢ ተደርቦለት ነው የተሸኘው። ደስ ብሎኛል። ለእኔ የተሰጠኝ የክሊራንስ ፎርም ነው፤ ዕዳም ንብረትም የለበትም ተብሎ የሚፈረምበት። ዘጠኝ ፊርማ! ቤተ መጻሕፍት፣ ላብራቶሪ፣ ገንዘብ ቤት፣ ሌላም ሌላም። የንብረት ክፍሏ ስቴፕለር ካልመለስክ አልፈርምም ብላ ስታመላልሰኝ ከረመች። ምዕራፍ ስንት ደረስክ ያለኝ ግን የለም። ፎርሙ ላይም እንዲህ የሚል መስመር የለም። ስገባም ያው ነበር። ቁልፍ፣ ፍራሽ፣ ጠመኔ ሰጡኝ። የቀድሞው መምህር የት እንዳቆመ የጠየቅኩት ተማሪዎቹን ነው። «ምንም አልተማርንም» አሉ። ተማሪ ሌላ ምን ይላል? ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

«ሲቀበር» ያሉት ደግሞ በኮሚቴዎ ቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ።

ወላጅ

አሁንም መቃብሩ ላይ ነዎት? አባባል ነው፣ ይተዉት እንጂ።

ይህን ፎርም ግን ከኮሚቴው አንድ ሰው አይቶት አያውቅም። መምህር ለቀቀ ሲባል «የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ነው» ይሉናል፣ እኛም እንዘጋዋለን። እንግዲህ ሐሳቤ እንዲህ ይስተካከል። የሚለቅ መምህር ከተተኪው ጋር አንድ ሳምንት አብሮ ክፍል ይግባ። የት እንደደረሰ በጽሑፍ ያስረክብ። ተማሪዎቹ ፊት ቆሞ ይሰናበት። ርዕሰ መምህሩ ቢከለክል እሱ ይጠየቅ። ውሉን ተውኩት ማለት አይደለም።

«ይለምዳል» ያሉትን ግን ያንሱልኝ። እስካሁን አላነሱትም።

መምህር

ያንን ሳምንት ማን ይከፍለኛል? ትርፍ ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ በአንድ ተኩል ይባዛል፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ በ1.75። የማታ ጥናቱን ሂሳብ ስጠይቅ የተመለሰልኝ «ግቢ ውስጥ አይደል እንዴ የምትኖረው» ነው። መኖሪያ ሰጡኝና እንቅልፌ የሥራ ሰዓት ሆነ። ወላጅ ኮሚቴ ስለዚህ አንድ ቀን ስብሰባ ጠርቶ ያውቃል?

ወላጅ

እኔ ስለ ልጁ እጠይቃለሁ፣ እርስዎ በ1.75 ያባዙልኛል። የደመወዙን ነገር ከአሠሪዎ ጋር ይጨርሱ። ሰኞ ስብሰባ አለን። ፎርሙን ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ፣ «ምዕራፍ ስንት ደረስክ» የሚል መስመር እናስገባበታለን። እኛ ጋ ያለውም ከዚህ የተለየ አይመስለኝም።

መምህር

ፎቶው ተልኳል። ፊርማዎቹን ሲቆጥሩ ስምንት ሆነው ቢያገኟቸው አይደንግጡ። ባዶዋ የላብራቶሪ ኃላፊው ናት። እሱም ለቆ ነበር።