ይድረስ ለክቡር መዋቅራዊ ፕላን

ለከተማችን መዋቅራዊ ፕላን
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ካለቀ በኋላ አስተያየት እንድንሰጥ ስለመጠራታችን

ክቡርነትዎ፣ የከተማውን መሬት ይሄ ለመኖሪያ፣ ይሄ ለመንገድ፣ ይሄ ለገበያ እያሉ በካርታ የሚደለድሉት፣ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እንዳለን አለን። ሰሞኑን ባጃጅ ላይ የተጫነ ሞንታርቦ ሰፈራችንን እየዞረ "የከተማችን የቀጣይ 10 ዓመት ፕላን ሊከለስ ስለሆነ ነዋሪው በነቂስ ወጥቶ ገንቢ አስተያየት እንዲሰጥ" እያለ ነው። "ገንቢ" የምትለዋን ረገጥ አድርጎ ነው የሚላት። ሰማን እንጂ፣ እንዴት አንሰማ፣ የተኛ ሕፃን ሁሉ ነው የሰማው።

በአንቱታ የማናግርዎት ለክብርዎ ብዬ ነው እንጂ በዕድሜ ገና ልጅ ነዎት። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 የሰጠዎት 10 ዓመት ብቻ ነው። ያው አዋጅ ረቂቅዎ ለሕዝብ ውይይት ይቅረብ ይላል። እርስዎም ሕግ አክባሪ ነዎት። ውይይት ይደረግ ተብሏል፣ ይደረጋል። ከውይይቱ በኋላ አንዲት መስመር እንኳ ትነቃነቅ አልተባለም መሰለኝ፣ አትነቃነቅም።

ያለፈውን ክለሳ መድረክ ያስታውሱታል? ገና በር ላይ ስንደርስ ፈርሙ ተባልን። ስም፣ ፆታ፣ ቀበሌ፣ ስልክ፣ ፊርማ። "ለምኑ ነው የምንፈርመው?" ላለው ሰው "ለመገኘትዎ" የሚል መልስ ተሰጠው። በማግስቱ መገኘታችን መደሰት ሆኖ ዜና ላይ ተነበበ። "ነዋሪዎቹ በፕላኑ መደሰታቸውን ገለጹ።" የገለጸውን ሰውዬ እስከ ዛሬ እያፈላለግነው ነው።

ከዚያ ካርታዎ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ተለቀቀ። ኃላፊው ከፊቱ ቆመው ስለነበር የከተማዋ ግማሽ ያረፈው ሸሚዛቸው ላይ ነው። መናኸሪያው ደረታቸው ላይ፣ ገበያው ከክራባታቸው ዝቅ ብሎ። እኛ ከኋላ የተቀመጥነው የሰፈራችንን ዕጣ ለማየት እሳቸው ዞር እስኪሉ መጠበቅ ነበረብን። ዞር ሲሉ ሰፈራችን አረንጓዴ ሆኗል።

አረንጓዴ ደስ የሚል ቀለም ነው፣ ጠላሁት አላልኩም። ቢጫው መኖሪያ፣ ቀዩ ንግድ፣ ሐምራዊው ኢንዱስትሪ፣ አረንጓዴው ደግሞ ዛፍና መናፈሻ እንደሆነ አስረድተውናል። ለከተሞች የተያዘውም ቀመር ይገባኛል፤ 30 በመቶ መንገድ፣ 30 በመቶ አረንጓዴና ክፍት ቦታ፣ 40 በመቶ ግንባታ። ሸጋ ነው። ግን ሰው የሚኖርበትን ሰፈር አረንጓዴ ቀብተው ሲያበቁ ዛፍ አይተክሉበትም፣ መናፈሻ አይሠሩበትም፣ ነዋሪውን ካሳ ከፍለው ሌላ ቦታ አያሰፍሩትም። ዝም ብሎ አረንጓዴ ነው። በወረቀት። እኛም በውስጡ ከነቆርቆሯችን አለን። ጣሪያዬ ሲያፈስብኝ የማደሻ ፈቃድ ልጠይቅ ሄድኩ። ልጁ ኮምፒውተሩን አየት አድርጎ፣ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ጋሼ፣ እርስዎ እኮ አረንጓዴ ላይ ነዎት" አለኝ። ታዲያ ምን ይሻላል? "ክለሳውን ይጠብቁ።" ይኸው እኔ እየጠበቅሁ ነው። ጣሪያው ግን አልጠበቀም።

ወደ መድረኩ ልመለስ። ፊት ለፊት የተቀመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ።

"ልጄ፣ ያ ሰማያዊው ምንድን ነው?"

"ወንዛችን ነው፣ እማማ።"

"ወንዛችንማ እዚያ የለም። የዚያን ክረምት ሞልቶ ድልድዩን ከወሰደው ወዲህ በወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው የሚሄደው። እናንተ ትምህርት ቤት ያላችሁበት ጋ።"

አዳራሹ ሳቀ። ኃላፊው አልሳቁም፣ ማስታወሻቸው ላይ የሆነ ነገር ጫር አደረጉና "በጣም እናመሰግናለን፣ በግብዓትነት ወስደነዋል" አሉ። ወንዝ በግብዓትነት ሲወሰድ ያየሁት ያን ቀን ነው። ቆይቶ የጸደቀው ካርታ ማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ሄጄ አየሁት። ወንዙ ድሮ የነበረበት ቦታ ላይ ነው። ትምህርት ቤቱም እዚያው ወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ውሃው መሃል። ደግነቱ በጀት አልተገኘለትም። ልጆቻችንን ያተረፋቸው የበጀት እጥረት ነው።

አንድ ነገር ግን አደንቅልዎታለሁ። ምስጢር ጠባቂ ነዎት፣ ከነዋሪው ብቻ። ደላሎቹማ መንገዱ በየት በኩል እንደሚያልፍ ከመሐንዲሱ ቀድመው ነው የሚያውቁት። የሞንታርቦው ባጃጅ ሞተር ሳያስነሳ እነሱ ቦታውን ዞረው፣ ዋጋ ተነጋግረው፣ ሻይ ጠጥተው ጨርሰዋል። እኛ ሰፈር "ይሄን ግቢ አሁን ብትሸጠው ይሻልሃል" የሚል ደግ ሰው ድንገት ከመጣ ቀለም ሊቀባን ነው ማለት ነው። ቀጥሎ ቀያሾች ችካል ይዘው ይመጣሉ። ቀጥሎ ቀይ ቀለም የያዘ ጎረምሳ አጥሩ ላይ ኤክስ አድርጎ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ይሄዳል። የሕዝብ ውይይቱ የሚጠራው ይሄኔ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ፕላን አያስፈልግም የሚል ሰው እንዳልመስልዎት። ፕላን በሌለበት የሚሆነውን አውቃለሁ፤ በጨረቃ ቤቶች መሃል አምቡላንስ የማይገባበት፣ አስከሬን በሰው ትከሻ አስፋልት ድረስ የሚወጣበት ሰፈር አለን። ባሕር ዳርንም አይቻለሁ። በ1950ዎቹ ጀርመኖች በነደፉላት ፕላን የተዘረጋው ሰፊ ጎዳና፣ ከነዘንባባው፣ ዛሬም ያኮራል። የአዲስ አበባ ነገር ግን ይለያል። በመኳንንቱ ግቢ ዙሪያ፣ ሰፈር በሰፈር ያደገች ከተማ ናት። በ1940ዎቹ መጨረሻ የለንደንን ፕላን የነደፈው አበርክሮምቢ መጣላት። ከእሱ በኋላ ፈረንሳዮቹ፣ ሃንጋሪው፣ ጣልያኖቹ ተራ በተራ ሣሏት። ካርታው ሁሉ ያምር ነበር ይባላል። ሰዉ ግን እስከ ዛሬ ታክሲ የሚሳፈረው በሰፈር ስም ነው።

ስምዎ ሕይወት ያስከፈለበት ጊዜም አለ። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላን በ2008 ዓ.ም. የተሰረዘው ከስንት ተቃውሞና ከስንት ለቅሶ በኋላ ነው። እሱን በሽሙጥ አልነካውም። ያኔ የጎደለው ካርታ እንዳልነበረ ግን እርስዎም ያውቁታል።

እንግዲህ ዘንድሮ ይከለሳሉ ተብሏል። ስብሰባውን ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት አድርገውታል። ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው። የከተማዋ ግማሽ መደብ ዘርግቶ ሲሸጥ፣ ግማሹ ሲገዛ ይውላል፣ አዳራሽ የሚመጣው የሚሸጠውም የሚገዛውም የሌለው እንደ እኔ ያለ ጡረተኛ ነው። 3 ሰዓት የተባለውም የክብር እንግዳው ሲደርሱ፣ 5 ሰዓት ላይ ይጀመራል። ንግግር፣ ገለጻ፣ ንግግር። ለነዋሪው ጥያቄ የሚተርፈው ምሳ ሊደርስ ሲል ያለችው ሩብ ሰዓት ናት፣ እሷም "ጥያቄዎችን አሰባስበን በጋራ እንመልሳለን" ተብላ ታልቃለች።

ለምን እድራችን አይመጡም? እሑድ ከሰዓት ነው የምንሰበሰበው። የቀረ ሰው ስለሚቀጣ ማንም አይቀርም። ፕሮጀክተር አያስፈልግም፣ ካርታዎን በወረቀት ይዘው ይምጡና ጠረጴዛ ላይ እንዘርጋዎት። ቀለሙን ቢሮ ይተዉት። እርሳስና ላጲስ ይበቃል፣ በተለይ ላጲስ። ጎርፉ በየት እንደሚገባ በየዓመቱ ቤቱ የሚሞላበት ሰው ያሳይዎታል። ቧንቧ ሲጠፋ ውሃ የሚቀዳው ከየት እንደሆነ ሴቶቹ ያሳዩዎታል። ባጃጆቹ ተራቸውን ማንም ሳያዛቸው ወደ ጤና ጣቢያው በር ለምን እንዳዞሩት ልጆቹ ይነግሩዎታል፤ ነፍሰ ጡር ይዞ ከአሮጌው ፌርማታ ዳገቱን መውጣት ስለማይቻል ነው። እርስዎ 30 ሜትር ብለው ያሰመሩት መንገድ ሄዶ ሄዶ የማን ኩሽና ላይ እንደሚያልቅም ባለቤትየዋ ራሷ ታሳይዎታለች፣ ቡናም አፍልታ። ትሰድብዎት ይሆናል፣ ይቻሉት።

የማይቀየር ነገር ካለም ፊት ለፊት ይንገሩን። "ይሄ መንገድ አይቀርም፣ ካሳው ይሄን ያህል ነው፣ ምትኩ ቦታ እዚያ ነው፣ የምትነሱት በዚህ ወር ነው" ይበሉን። እንጮሃለን፣ እናለቅሳለን፣ ከዚያ እንደራደራለን። በግብዓትነት ከመወሰድ ይሻላል።

ከሰላምታ ጋር
የአረንጓዴው ሰፈር ነዋሪ፣ ክለሳ ጠባቂ

ግልባጭ፦
ለእድራችን (ድንኳን የምንተክልበት ሜዳ በአዲሱ ረቂቅ የመኪና ማቆሚያ ስለሆነ)
ለሰፈራችን ደላሎች (ቀድሞ ስለደረሳቸው አይላክም)
ለወንዙ (በአሁኑ አድራሻው፣ ወፍጮ ቤቱ ጀርባ)