የማላና ሰዎች የእስክንድር ወታደሮች ዘር አይደሉም

«የማላና ነዋሪዎች ከታላቁ እስክንድር ጦር ተነጥለው የቀሩ የግሪክ ወታደሮች ዘር ናቸው» ላልከው ትንሽ እርማት አለኝ፣ ወንድሜ። ወሬው ለቱሪስት ጆሮ ይጥማል። ማስረጃ ግን የለውም።

ማላና በህንድ ሂማቻል ፕራዴሽ፣ በኩሉ ወረዳ ያለች የተራራ መንደር ናት። የእስክንድር ጦር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ326 ቢያስ ወንዝ ደርሶ «ከዚህ ወዲያ አንሄድም» ብሎ አመፀ። እርግጥ ቢያስ የሚነሳው ከኩሉ ተራሮች ነው። ጦሩ የቆመው ግን ታች፣ ፑንጃብ ሜዳ ላይ ነበር።

ዋናው ነገር ቋንቋቸው ነው። ካናሺ ይባላል። ከግሪክኛ ጋር ዝምድና የለውም፤ የሚመደበው ከቲቤትና ከበርማ ቋንቋዎች ጎራ ነው። የቅርብ ዘመዱ በዚያው ክልል፣ በኪናውር ወረዳ ይነገራል። በዙሪያው ያሉ መንደሮች ግን ለሂንዲ የሚቀርብ ቋንቋ ስለሚናገሩ ካናሺን አይሰሙም። እንግዳ የመሰለው ለዚህ ይመስለኛል።

«የላይና የታች ሸንጎ አላቸው፤ ይሄ የአቴንስ ነው» የሚሉም አሉ። ሸንጎውስ አለ። ግን የሚዳኘው ጃምሉ በሚሉት አምላካቸው ስም ነው፤ ጃምሉን ደግሞ ጃማዳግኒ ከሚባለው የሂንዱ ጠቢብ ጋር አንድ ያደርጉታል። አቴንስ እዚህ ምን አመጣት?