ገና መሆኑን እኛ እናውቃለን፤ ቀኑን ያላወቀው ዘፈኑ ነው

ለ1977ቱ የኢትዮጵያ ረሃብ ገንዘብ ለማሰባሰብ የብሪታንያና የአየርላንድ ዘፋኞች ባንድ ኤድ በሚል ስም የዘፈኑት «ገና መሆኑን ያውቃሉ ወይ?» የተሰኘ ዘፈን 40ኛ ዓመቱን አስታክኮ በኅዳር 2017 ዓ.ም. እንደገና ሲወጣ፣ ከዘፈኑ ይልቅ ያስቆጣኝ የዘፈኑ ጠንሳሽ ቦብ ጌልዶፍ፣ ዘፈኑ አፍሪካን ያዋርዳል ለሚሉ ነቃፊዎቹ የሰጠው መልስ ነው። እንግሊዛዊው ዘፋኝ ኤድ ሺራን ከዚያ አሥር ዓመት በፊት በተሠራው ቅጂ ላይ ያለው ድምፁ ሳይጠየቅ በአዲሱ ቅልቅል መካተቱንና ቢጠየቅ ኖሮ እንደማይስማማ በይፋ ተናገረ። ጌልዶፍ ግን ይህች ትንሽ የፖፕ ዘፈን በመቶ ሺዎች፣ ምናልባትም በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎችን በሕይወት ያቆየች ናት፤ ነቀፋውም የተደጋገመና አሰልቺ ነው በሚል መንፈስ መለሰ። እ.ኤ.አ. በ2014ም ይህ የፖፕ ዘፈን እንጂ የዶክትሬት መመረቂያ ጽሑፍ አይደለም ብሎ ነበር።

የመመረቂያ ጽሑፍማ የጠየቀው የለም። በብሪታንያ በወጣበት ሳምንት ብቻ ከሚሊዮን ቅጂ በላይ የተሸጠና ከዚያ ወዲህ ታኅሣሥ በመጣ ቁጥር በየገበያ አዳራሹ የሚለቀቅ ዘፈን፣ በመደርደሪያ ላይ አቧራ ከሚጠጣ ጥናት ይልቅ ለቃሉ መጠንቀቅ አለበት። ጥናቱን የሚያነቡት መርማሪ መምህራን ናቸው፤ ዘፈኑን ግን ሕፃናት በቃላቸው ይዘው ያደጉበት ሲሆን፣ ለንደን ውስጥ በሱቅ ገንዘብ ተቀባይነት የምትሠራ ኢትዮጵያዊትም ደንበኞቿን እያስተናገደች ወገኖቿ ገና መሆኑን ያውቁ እንደሆነ ሲጠየቅ ትሰማለች።

እስቲ ጥያቄውን እንደ ጥያቄ እንውሰደውና እንመልሰው። ረሃቡን አሳይቶ ዓለምን ያስደነገጠው የቢቢሲ ዘገባ ፊልም የተቀረፀው በኮረም ነበር። ኮረም በዚያን ጊዜ የወሎ ክፍለ ሀገር ከተማ ነበረች፤ በዚያው ክፍለ ሀገር፣ በላስታ ተራሮች መካከል፣ ላሊበላ አለ። በላሊበላ የገና ዕለት ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ባለው የዓለት አፋፍ ላይና ከበታች ባለው ቅጥር ሆነው፣ የላይኞቹ የመላእክት፣ የታችኞቹ የእረኞች ምሳሌ ሆነው፣ «ቤዛ ኵሉ ዓለም ዮም ተወልደ» እያሉ ይቀባበላሉ። ንጉሡ ላሊበላም የተወለደው በዚያው በታኅሣሥ 29 ቀን ነው ተብሎ ስለሚታመን በዓሉ ድርብ ነው። እንግዲህ ገናን ለማክበር ምእመናን በእግር ከሩቅ የሚጓዙበት ክፍለ ሀገር ነው ገና መሆኑን ያውቃል ወይ ተብሎ የተጠየቀለት። ክርስትና በአክሱም የቤተ መንግሥት ሃይማኖት የሆነው በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በንጉሥ ኢዛና ዘመን ነው፤ ያኔ እንግሊዝ የምትባል አገር ገና አልነበረችም። ከተራቡት መካከል ብዙዎቹ የወሎ ሙስሊሞች እንደነበሩም አልዘነጋሁም፤ እነርሱም ቢሆኑ የጎረቤታቸው በዓል መቼ እንደሚውል ከለንደን ዘፋኞች ተሽለው ያውቃሉ።

ቀኑን ያላወቀው ማን እንደሆነ የዘመን አቆጣጠሩ ራሱ ይናገራል። ዘፈኑ የተቀረፀው እ.ኤ.አ. ኅዳር 25 ቀን 1984 ሲሆን ይህም በእኛ ኅዳር 16 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው፤ ጾመ ነቢያት በገባ በማግስቱ ማለት ነው። ዘፈኑ በብሪታንያ የገና አንደኛ፣ ማለትም በገና ሳምንት የሽያጭ ሠንጠረዥ ቀዳሚ፣ ሆኖ ሲጨፈርበት እዚህ ታኅሣሥ 16 ነበር፤ ጾሙ ገና 13 ቀን ይቀረዋል። ምግብ ያጣ ሕዝብ እንኳ የጾሙን መግቢያና መፍቻ ቆጥሮ በሚያውቅበት አገር ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ ማቅረብ ድፍረት ነው፤ ከ40 ዓመት በኋላ መድገሙ ደግሞ ድፍረትም አይባልም፣ ንቀት ነው።

ሌላውን ስንኝ በአጭሩ ልለፈው። ዘፈኑ የኢትዮጵያን ስም አንድም ቦታ ሳይጠራ አፍሪካን ሁሉ ዝናብ የማያውቃት፣ ወንዝ የማይፈስባት ያደርጋታል። ከኮረም አጠገብ የአሸንጌ ሐይቅ ተኝቷል፤ ተከዜ የሚነሣው ከላስታ ተራሮች ነው፤ ግብፅ ከሚደርሰው የዓባይ ውኃ ከ80 በመቶ በላይ የሚሄደው ከዚህ አገር ነው። ድርቁ እውነት ነበር፤ ነገር ግን ድርቁን ወደ እልቂት የለወጠው በሰሜን ይካሄድ የነበረው ጦርነትና ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ድግስ ሲል ረሃቡን የደበቀ መንግሥት ነው። ይህ በዘፈኑ ውስጥ የለም።

«ስንኙን ተዉትና ገንዘቡን እዩት» የሚሉ አሉ። ገንዘቡ እህል ሆኖ የደረሰላቸው ሰዎች መኖራቸውን አልክድም። ነገር ግን ስድቡ የእርዳታው ዋጋ ነበር ማለት ነውን? በዚያው ታኅሣሥ በብሪታንያ ሠንጠረዥ ሁለተኛ ሆኖ የቀረው ዋም የተባለው ቡድን ያወጣው «ላስት ክሪስማስ» ነበር። የዋም ዘፋኝ ጆርጅ ማይክል በባንድ ኤድ ውስጥም ዘፍኗል፤ የራሱ ቡድን ዘፈን ግን ስለ ከዳች ፍቅር ከማልቀስ በቀር በማንም ላይ አልፈረደም። የዚያም ዘፈን የባለቤትነት ገቢ ለኢትዮጵያ ረሃብ ተሰጥቷል። ሰውን ሳያዋርዱ ገንዘብ መስጠት ይቻል እንደነበር ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? እኔ በበኩሌ የፈረንጅ የገና ዘፈን ማድመጥ ግድ ከሆነብኝ የምመርጠው ይህንኑ የተከዳ አፍቃሪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በመጨረሻ የገና አንደኛ ሲሆን ደስ ብሎኛል።

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል። እኔ ጌታ ስላልሆንሁ እቆጣለሁ። ግጥሙ አይነካም የሚለውንም አልቀበልም፤ ለኢቦላ ተብሎ በ2014 እ.ኤ.አ. በተዘጋጀው ቅጂ የተራቡት እናንተ ባለመሆናችሁ አምላክን አመስግኑ የሚለው፣ አየርላንዳዊው ዘፋኝ ቦኖ ያዜመው ስንኝ ተለውጧልና። ያን መለወጥ ከተቻለ ጥያቄውንም መሠረዝ ይቻላል። 50ኛ ዓመቱ ሲደርስ ሌላ ቅልቅል ማውጣታቸው ስለማይቀር፣ ጥያቄውን መተው ካልሆነላቸው ቢያንስ የሚለቁበትን ቀን ወደ ታኅሣሥ 29 ያዙሩት።