የግቢያችን ተፋሰስ

አዲስ አበባ ውስጥ የተማረ ልጅ የሰፈር ንብረት ነው። ሕክምና የገባው ገና የአንደኛ ዓመት ፈተናውን ሳይጨርስ የጎረቤቱን ሁሉ ደም ግፊት መለካት ይጀምራል። ሕግ ያጠናው የወራሾችን ጠብ፣ ምሕንድስና ያጠናው የዘመመ አጥር፣ ሒሳብ አያያዝ ያጠናው ደግሞ የእድሩን መዝገብ ይረከባል። ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ሲወርዱ ግንፍሌ ወንዝ ዳር ባለው ግቢያችን ግን ያልታሰበ ነገር ደረሰ። የጎረቤታችን ልጅ በተፈጥሮ ሀብት አስተዳደር ተመረቀች፤ ለምን እንደምትጠቅመን ግራ ገባን።

ልጅቷም ብትሆን ፈልጋ አልገባችበትም። ፎርም ስትሞላ ያስቀደመችው ሌላ ነበር፤ የቀረውን የጻፈችው መስመሩ ባዶ እንዳይሆን ብላ ነው። ምደባው ሲወጣ እናቷ በመጀመሪያ እልል አሉ፤ ከእልልታው በኋላ «ግን ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። እግሯ ከኮብልስቶን ወርዶ የማያውቅ ልጅ እንዲህ ሆና ተራራ ለተራራ እርከን ልትለካ ሄደች።

በመጀመሪያው እረፍት ስትመጣ ቡና ላይ ቁጭ ብላ የአፈር መሸርሸርን ቀመር አስረዳችን። ስድስት ነገሮች እርስ በርስ ይባዛሉ፦ የዝናቡ ኃይል፣ የአፈሩ ጠባይ፣ የተዳፋቱ ርዝመት፣ የቁልቁለቱ መጠን፣ የዕፅዋት ሽፋኑና ሰው ያበጀው መከላከያ። በዚህ ቀመር ሄክታሩ በዓመት ስንት ቶን አፈር እንደሚያጣ ይገመታል። ጡረተኛው ጋሼ፣ በየክረምቱ እየታጠበ የሚሄደውን የሰፈራችንን መንገድ በር ላይ ቆመው የሚሸኙት ጋሼ፣ በጥሞና ካዳመጡ በኋላ «ሰባተኛውን ትተውታል» አሏት። ምን እንደሆነ ስትጠይቃቸው «ኮንትራክተሩን» አሉ።

ጋሼ ግን የምር የተቆጡት ባሕር ዛፍ ሲነካባቸው ነው። ልጅቷ ዛፉ ብዙ ውኃ ይጠጣል፣ ከሥሩም ሌላ ተክል እንደ ልቡ አያበቅልም ብላ አረፈችው። በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው ከተማ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላት ማገዶ ጨርሳ፣ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ቤተ መንግሥት እስከ ማስጀመር ደርሰው እንደነበር ጋሼ ያውቃሉ። ከአውስትራሊያ የመጣው፣ ቶሎ የሚደርሰው ባሕር ዛፍ እንጦጦን ሲያለብስ ጓዙ መለስ አለ፤ የተጀመረው ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። «ይህ ዛፍ ባይኖር ኖሮ ይህን ቡና የምንጠጣው አዲስ ዓለም ነበር፤ አንቺ ውኃ ጠጣ ብለሽ ትከሺዋለሽ?» አሉ። እርሷ ነገሩ የሚወሰነው በተተከለበት ቦታ ነው ብላ መለሰች። እንዲህ ያለ አስታራቂ መልስ በሰፈራችን ተሰምቶ ስለማያውቅ ክርክሩ ያለ አሸናፊ ተበተነ።

ከዚያ ደግሞ ግንፍሌ የቆሻሻ ቦይ አለመሆኑን ነገረችን። ከእንጦጦ የሚወርደው ውኃ በቀበና በኩል አቃቂ ይገባል፤ ከአቃቂ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከአባ ሳሙኤል አዋሽ። አቃቂ ዳር ያለው ገበሬ በዚሁ ውኃ ጎመንና ሰላጣ ያለማል፤ ሰላጣውም ተጭኖ ወደ ከተማ ይመለሳል። ማታ ግራ ቀኝ አይተን ግንፍሌ የወረወርነውን፣ ሰንብቶ ከጉሊት በገንዘባችን ገዝተን ሎሚ እየጨመቅንበት እንበላዋለን ማለት ነው። ትምህርቱ ውጤት አላመጣም አይባልም፤ ግቢው በሙሉ ሰላጣ መብላት አቆመ። መወርወሩ እንደ ቀድሞው ቀጥሏል።

ከተመረቀች በኋላ አራት ኪሎ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር አንገቷን አንጋጣ ሰነበተች። ሙያዋን የሚጠራ ማስታወቂያ ሁሉ የአምስት ዓመት ልምድ ይላል፤ ልምዱ ከየት እንደሚገዛ አይናገርም። በመካከሉ አንድ የውኃ ቁጠባ ወርክሾፕ ላይ ቃለ ጉባኤ ያዘች። ባለድርሻ አካላቱ ሆቴል ተሰብስበው፣ እያንዳንዳቸው በተከፈተና ግማሹ በቀረ የፕላስቲክ ውኃ ፊት ተቀምጠው ስለ ብክነት ሲወያዩ ዋሉ። ይህን ስታወራልን ሁላችንም ሳቅን፤ ጎረቤታችን እማማ ብቻ ሳይስቁ የውሎ አበሉን መጠን ሁለት ጊዜ አስደገሟት። በመጨረሻ «በማንኛውም የትምህርት መስክ» የሚል ተገኘና ባንክ ገባች። አሁን መስኮት ውስጥ ተቀምጣ በየዓመቱ የሚሸረሸረውን ብር ትቆጥራለች፤ ለዚህኛው መሸርሸር እርከን የሚሠራ ክፍል ባንኩ ውስጥ አልገጠማትም።

እማማ የግቢያችን ቧንቧ ቁልፍ ያዥ ናቸው። ቧንቧው አንድ፣ ቆጣሪው አንድ፣ ቤቱ ግን ብዙ ነው፤ ውኃው ደግሞ በፈረቃ፣ ብዙውን ጊዜም ሌሊት ይመጣል። ሁሉም ቤት ሁለት ሁለት ጀሪካን ሳይሞላ ሦስተኛ የሚያቀርብ የለም። አራስና ሐዘንተኛ ይቀድማሉ። ምንጣፍ ላጥብ ያለ መጀመሪያ የእማማን ሳል ይሰማል፤ ከደገመ ስሙ በቡና ላይ ይነሳል፤ ከሠለሰ ቁልፉ ይጠፋል። የሚጠፋው ለእርሱ ብቻ ነው።

አንድ እሑድ ልጅቷ ይህን ሥርዓት ቆማ ስታይ ቆየችና «ይህ እኮ ኦስትሮም ነው!» ብላ ጮኸች። ኤሊኖር ኦስትሮም እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። መንደርተኛ ደኑን፣ ግጦሹንና የመስኖ ውኃውን ያለ መንግሥትም ያለ ባለቤትም በራሱ ደንብ ማስተዳደር እንደሚችል በየአገሩ ዞረው አሳይተዋል። ደንቡ የሚጸናው ተጠቃሚው ሲታወቅ፣ ጠባቂው ከተጠቃሚው ሲወጣና ቅጣቱ ከቀላል ጀምሮ ሲከብድ መሆኑንም ጽፈዋል። ከእርሳቸው በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1968፣ አንድ አሜሪካዊ ምሁር በጋራ ግጦሽ ላይ ሁሉም አንድ አንድ ላም እየጨመረ ሣሩን ያጠፋዋል ብለው ነበር። ልጅቷ ይህንንም ለእማማ አጫወተቻቸው።

«ላሚቱን ሲያስገባ ዝም ብሎ የሚያየው ማነው?» አሉ እማማ።

ልጅቷ በደስታ ማስታወሻ ደብተሯን አወጣች። ለሁለተኛ ዲግሪዋ የመመረቂያ ጽሑፍ የቧንቧውን ደንብ ልታጠና እንደምትፈልግ፣ እማማም ቁልፍ መረጃ ሰጪ እንደሚሆኑ በትሕትና አስረዳቻቸው። እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«የውሎ አበሉ ስንት ነው?»

ልጅቷ መልስ ስታጣ ጊዜ፣ ከበራቸው አምስት እርምጃ የማይሞላውን ቧንቧ በአገጫቸው አሳይተው ጨመሩ፦ «ትራንስፖርቱ ለብቻው ይታሰባል አይደል?»